ኧረ ሻዩን ተዉልኝ!

የዚህ አገር ሰው ለቡና የሚያደርገውን ጥንቃቄ ሩቡን ለሻይ ቢያደርግ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ቡናው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ በየሰዉ አፍንጫ ሥር ይዞራል። “አረረብሽ”፣ “ዛሬስ ቀጠነ”፣ “ይሄ እንኳን የሐረር አይደለም” የሚል ዳኛ በየቤቱ ሞልቷል። ሻይ ላይ ሲደረስ ያ ሁሉ ዳኛ ወንበሩን ለቆ ይወጣል። በራድ ይጣዳል፣ በእጅ የተዘገነ ቅጠል ይነሰነስበታል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይወረወርበታል፣ ስኳር ይገለበጥበታል፤ በቃ። ከዚያ በኋላ ስለ ሻዩ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ “ስኳሩ በቃ?”

እኔ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ቤቴ ተቀምጬ ጥቁር ሻይ፣ ቅጠሉ ብቻ፣ በወጉ የወጣ፣ ሳይቀዘቅዝ መጠጣት ነው። ሎሚ አልጠየቅኩ፤ ዝንጅብል አልጠየቅኩ። ይህችን ለማግኘት ግን በመጀመሪያ ጤነኛ መሆኔን ማስረዳት አለብኝ። ቡና ተፈልቶ ሳለ “ለኔ ሻይ ይሻለኛል” ያለ ሰው በሽተኛ ነው። “ጨጓራህ ተነሳብህ አይደል?” ይባላል። “ተልባ ሞክረህ ታውቃለህ?” ይቀጥላል። ደህና መሆኔን፣ ሻይ ስለምወድ ብቻ እንደሆነ ብናገር ማን ያምነኛል? “አይዞህ፣ እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር” የሚል አጎት ከጥግ ብድግ ይላል። የሐኪሙንም ስልክ ይሰጠኛል።

ለመሆኑ ቅጠሉስ በደህና ቤት ይደርሳል? ሻይ ቅጠል በጣም የደረቀ ነገር ስለሆነ አጠገቡ ያለውን እርጥበትና ሽታ ሁሉ ይስባል። ቻይናዎች ይህን ጠባዩን አውቀው ከጃስሚን አበባ ጋር ያሳድሩትና መዓዛውን ያስጠጡታል። እኛ ሰፈር ደግሞ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ከልብስ ሳሙና፣ ከበረኪናና ከሰንደል ጋር እናሳድረዋለን። እሱም አደራውን አይበላም፤ የተሰጠውን ሁሉ ጠጥቶ ይመጣል። ቤት ሲገባስ? ከበርበሬው፣ ከኮረሪማውና ከነጭ አዝሙዱ ጎን፣ ክዳኑ በጠፋ ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል። የሆነ ሰው እርጥብ ማንኪያ ይከትበታል። ማን እንደሆነ አይታወቅም። በእኛ ቤት ሻይን የሚመለከት ጥፋት ሁሉ ባለቤት የለውም።

ስለ ቅጠሉ ራሱም የሚባል አለ። ከየሱቁ የማገኘው ደቀቅ ያለ፣ ክብ ክብ ጥቁር ፍሬ ነው። ይህ ሲቲሲ በሚባለው መንገድ የተሠራ ሻይ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሕንድ ውስጥ፣ አሳም ላይ የተጀመረ አሠራር ሲሆን ጥርስ ያላቸው ሮለሮች ቅጠሉን እየጨፈለቁ፣ እየቀደዱና እየጠቀለሉ ያወጡታል። እንዲህ የተቀደደ ቅጠል ቶሎ ቀለም ይሰጣል፣ ቶሎ ይጠነክራል፣ ወተትም ስኳርም ይችላል። ሳይደቅ ተጠውልጎ፣ ተሽቶና ተብላልቶ የሚደርቀው ረጅሙ ቅጠል ደግሞ ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፤ መዓዛው ግን ሌላ ነው። ያንን የፈለገ ሰው ትልልቅ ሱፐርማርኬት ገብቶ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ ከውጭ የመጣውን አንስቶ፣ ዋጋውን አይቶ፣ መልሶ ያስቀምጣል። እኔ አንድ ጊዜ ጨክኜ ከአንዱ ገዛሁ። የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበት ኖሯል፤ ስልጠው ነገሩ ሁሉ ገባኝ።

ሻይ የሰው አገር ነገር ቢሆን ኖሮ ደግሞ ባልተቆጨሁ። ውሽውሽ ከቦንጋ ብዙ አይርቅም፤ ጉማሮ ኢሉባቦር ውስጥ፣ ጎሬ አካባቢ ነው። የቡና መገኛ በሆነው በከፋ ምድር ሻዩም ዝናብ እየጠገበ ይበቅላል። ለቃሚው እምቡጡን ከሁለት ለጋ ቅጠል ጋር ቀንጥሶ ይሰበስባል፤ ፋብሪካው ያጠወልገዋል፣ ያብላላዋል፣ ያደርቀዋል። ያ ሁሉ እጅ የደከመበት ነገር አዲስ አበባ ደርሶ የቀረፋ ውሃ ማጥቆሪያ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ስቃይ ልምጣ። ይህኛው እንኳ የማንም ጥፋት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 90 ይጠጋል። በራዱ እስኪንዘፈዘፍ ቢንተከተክ፣ ምድጃው እስከ ጥጉ ቢከፈት ከዚያች አትዘልም። ጥቁር ሻይ ደግሞ ከምንም በላይ የሚወደው ሙቀት ነው። ፓኬቱ ላይ “የፈላ ውሃ ጨምረው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይጠብቁ” ብሎ የጻፈው ሰው ኑሮው ቆላ መሆን አለበት። እኔ የጻፈውን አምኜ ያንን 92 ዲግሪ ውሃ ቀዝቃዛና ወፍራም ብርጭቆ ውስጥ ስገለብጠው ወዲያው ሰማንያዎቹ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እጠብቃለሁ። ቀለም ይመጣል፤ ጣዕም አይመጣም። ሌላ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ጣዕሙ ብቅ ሲል ሙቀቱ ሄዷል።

ድሬዳዋ የምትኖረው አክስቴ በመጣች ቁጥር “የእናንተ ሻይ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሰነፈው?” ትለኛለች። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአክስቴ ውሃ 96 ዲግሪ ድረስ ይሄድላታል። አራት ዲግሪ ምን አላት እንዳትሉ፤ አክስቴ በአንድ ፉት ትለያታለች። ደግሞም የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ በራዱን በነጭ ቅርፊት ይለብጠዋል፣ ሻዩ ላይም ቀጭን የሚያብለጨልጭ ሽፋን ያሰፍርበታል። ስለ ሽፋኑ አክስቴ ተናግራ አታውቅም።

በዚህ በከፍታው ምክንያት እናቶቻችን ቅጠሉን ከውሃው ጋር በራድ ውስጥ ከተው እሳት ላይ ማፍላታቸው ልክ ነው ባይ ነኝ። እሳቱ ሥር እስካለ ድረስ ያለችን 92 አትወርድም። ይህን “የባላገር አፈላል” ብሎ የሚንቅ፣ በሚያምር የሸክላ ማንቆርቆሪያ ላይ ውሃ እያንቆረቆረ “ትክክለኛው እንዲህ ነው” የሚል ወዳጅ አለኝ፤ የሱን ሻይ ጠጥቼ የወጣሁ ቀን ሁሉ ቤቴ ገብቼ ሌላ አፈላለሁ። የእናቶቻችን ችግር ማፍላታቸው አይደለም። ማቆሙ ላይ ነው።

አራት ወይም አምስት ደቂቃ ረገብ ባለ እሳት ላይ፣ ተከድኖ፣ ከዚያ ወዲያው ተጠልሎ ቢወርድ ይበቃ ነበር፤ ደቃቁ ሲቲሲ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። ነገር ግን በራዱ ሲጣድ ወሬው ይጀመራል። ልጁ ዳቦ ሊገዛ ይላካል። ዳቦ ቤቱ ወረፋ አለው፤ ልጁ ደግሞ ኳስ የሚያይበት ጓደኛ አለው። ዳቦው እስኪመጣ በራዱ ይፈላል። ሁለት ሰው ሲጨመር ውሃ ይጨመራል፣ በዚያው ቅጠል ላይ። ቀለሙ ሲሳሳ አዲስ ቅጠል ይጨመራል፣ በዚያው በአሮጌው ላይ። በመጨረሻ የሚቀዳው ነገር ምላስን ያደርቃል፣ ድድን ይጨብጣል፣ ጉሮሮን ይፍቃል። ቅጠሉ ጥሩ ጥሩውን አስቀድሞ ሰጥቶ ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ የሚለቀው ይህንኑ መራራውን ነው። ያንን የሚያሸንፍ ስኳር ብቻ ነው። ስኳሩም ይገባል።

የተረፈው ወደ ፔርሙስ ይሄዳል። ፔርሙሱ ትናንት አጥሚት ይዞ ነበር። ጠዋት ቀላ ብሎ የገባው ሻይ ከሰዓት በኋላ ደብዝዞ፣ ጠቁሮ፣ ዝም ብሎ ይወጣል፤ ሙቅ እንደሆነ በቆየ ቁጥር ደማቁን ቀለምና ንቁውን ጣዕም የሚሰጡት ነገሮች እየተለወጡ ስለሚሄዱ ነው። ይህ ለእንግዳ ይቀርባል። በሌላ በኩል ደግሞ ጠንከር ብሎ በደንብ የወጣ ሻይ ሲቀዘቅዝ ይደፈርሳል። ካፌይኑና ቀለም ሰጪዎቹ በቅዝቃዜ ስለሚያያዙ ነው፤ የጥንካሬው ምልክት እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ቢሞቅ ተመልሶ ይጠራል። እኔ ቤት ግን “ይሄማ ተበላሽቷል” ተብሎ ይደፋል። የተበላሸው ይቀዳል፣ ደህናው ይደፋል።

ውሃውን የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። ውሃ በፈረቃ ነው የምትመጣው። በመጣችበት ቀን የክሎሪኗ ሽታ ከበር ይቀበላል፤ ክፍት ዕቃ ውስጥ ትንሽ ብትቆይ ይለቃት ነበር፣ ግን ማን ጊዜ ሰጥቷት! ባልመጣችበት ቀን ሮቶ ውስጥ የከረመችውን እንጠጣለን። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው አንድ አይደለም፤ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛበታል፣ ሻዩንም ያደበዝዘዋል። አንድ ቅጠል፣ አንድ በራድ፣ አንድ ማንኪያ ይዤ የሰኞና የሐሙስ ሻዬ አይተዋወቅም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰሉ ይቀጣጠልና የጭስ ሻይ እንጨምራለን። የጭስ ሻይ ቻይና ውስጥ በውድ ይሸጣል ይሉኛል ልጆቼ። እዚያ በጥድ እንጨት ነው የሚጨሰው።

ቅመሙን በደፈናው አልጠላውም። ጉንፋን ለያዘው ዝንጅብል ይግባለት። ጦስኝም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ሲፈላ ደስ ይለኛል። ግን ሁልጊዜ? ቅርንፉድ ጉልበተኛ ነው። ሦስት ፍሬ ከገባ ቅጠሉ ከውሽውሽ ይምጣ፣ ከኬንያ ይምጣ፣ ከስሪላንካ ይምጣ ማንም አይለየውም፤ የሚጠጣው ቅርንፉድ ነው። በራዱም ከዓመታት በኋላ ቅርንፉድ ሆኖ ይቀራል፤ ቢታጠብ፣ ቢፈተግ አይለቅም። ለዚህ ብዬ ለራሴ ትንሽ በራድ ገዛሁ። ለሁሉም ተናገርኩ። “እሺ” ተባልኩ። ብዙም ሳይቆይ ክዳኑን ስከፍት ታቹ ላይ ሁለት ቅርንፉድና አንድ የቀረፋ ስንጥር ተኝተዋል። ማንም አላስገባቸውም።

ስኳሩ ግን የሁሉም ቁንጮ ነው። ስኳር ከገበያ በጠፋበት ሰሞን፣ ሰዉ ፌስታሉን ይዞ የሸማቾች ሱቅ በር ላይ በተሰለፈበት ጊዜ፣ በየቤቱ የሚሰማው “ሻይ እኮ ቀረብን” የሚል ነበር። ቅጠሉ መደርደሪያ ላይ ሞልቶ! “ያለ ስኳር ቅመሱት” ብዬ ባቀርብ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ እንግዳ ደግሞ እንደ ስድብ ቆጠረው። እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል በ1946 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሻይ አፈላል 11 ነጥቦችን ሲዘረዝር የመጨረሻው “ስኳር አይግባበት” የሚል እንደነበር ለባለቤቴ ነገርኳት። ትልቅ ሰው ሲጠቀስላት ትለሰልስ እንደሆነ ብዬ ነው። “ስኳር ጠፍቶባቸው ይሆናላ” አለችኝ። ነገሩን ሳጣራ እውነትም በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ስኳር በራሽን ነበር። ኦርዌልን ከዚያ ወዲህ አላነሳሁም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አልፎ ንጹሕ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ የገባ ቀን መቅመስ ይመጣል። ሙያቸው ሻይ መቅመስ የሆነ ሰዎች በማንኪያ ያነሱትን ድምፁ እስኪሰማ ድረስ በኃይል ማግ ያደርጉታል፤ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ መዓዛው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ እንዲወጣ ነው። ከዚያ ይተፉታል። እውነትም ልዩነቱ የሚታወቀው እንዲህ ሲደረግ ነው፤ አንዱ ቅጠል ማር ማር ይላል፣ ሌላው እርጥብ ሣር ይሸታል፣ ሌላው ምላስ ጎንና ጎን ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል። እናቴ ግን ማግ ሳደርግ አንድ ጊዜ ሰማችኝና “ምነው ልጄ፣ እንዲህ ነው ያሳደግሁህ?” አለችኝ። ልጆቼ ዛሬም ድረስ ያንን ድምፅ እያወጡ ያሾፉብኛል። መትፋቱንማ አልሞከርኩትም፤ ከቤት የሚያስወጣ ነገር ነው።

ለሻይ ቅምሻ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት መሆኑን የሚያውቅ ስንት ሰው ይኖራል? ቁጥሩ 3103 ነው፤ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ ክዳን ባለው ነጭ የሸክላ ዕቃ፣ 6 ደቂቃ። ጉድለት እንዲያጋልጥ የታሰበ ስለሆነ ለመጠጥ ከበድ ይላል፤ ለእኔ አራት ደቂቃው ይበቃኛል። የእንግሊዞቹ ተመሳሳይ ሰነድ ስድስት ገጽ ስለነበር በ1999 (እ.ኤ.አ.) ኢግ ኖቤል የሚባለው የቀልድ ሽልማት ተሰጠው። ይሳቅበት፣ ግድ የለም። እኔ ስድስት ገጽ አልጠየቅኩም። እፍኝ መለኪያ መሆኑ ቀርቶ የሻይ ማንኪያ ቢተካው ደስታዬን አልችለውም።

ካፌ ሄጄ ልገላገል ብል የሚመጣልኝ በክር የተንጠለጠለው ከረጢት ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ቶሎ ቀለም እንዲሰጥ የተመረጠ ደቃቅ ብናኝ ነው፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ሙቅ ውሃ ቢያገኝ አይከፋም ነበር። ግን ውሃው በብርጭቆ ለብቻው፣ ከረጢቱ ሳሕን ላይ ለብቻው ይመጣሉ። አስተናጋጁ መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ቆሞ ሒሳብ ይቀበላል። እኔ ጋ ደርሰው ሲገናኙ ውሃው ጣት የሚያስነክር ሆኗል። “ትንሽ ሞቅ ያለ ውሃ” ብል በእንፋሎት የተመታ፣ ወተት ወተት የሚል ይመጣልኛል።

ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቼም አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። “እሱ ሻይ ይወዳል” ተብሎ ስለተወራ ለሁሉ ሽቶና ጫማ ሲመጣ ለእኔ ሻይ ይመጣል። ሳጥኑ ሲከፈት ቫኒላ፣ እንጆሪ፣ ካራሜል ይሸታል፤ ከረሜላ የተከፈተ ነው የሚመስለው። እዚያው ፊታቸው ተፈልቶ መጠጣት አለበት። “እንዴት ነው?” ይሉኛል። “ግሩም ነው” እላለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ሳጥን ይዘው ይመጣሉ።

ማጥለያውን አላነሳም ብዬ ነበር፤ ግን ቀዳዳው የሰፋው ደቃቁን ሁሉ ያሳልፈዋል፣ ቀዳዳው የጠበበው ይደፈንና ሻዩ ጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል። ዝቃጩ ደግሞ በሳሕን ማጠቢያው ቱቦ ይለቀቃል። ቱቦው ሲደፈን የሚጠራው እኔ ነኝ፣ “ያንተው ሻይ ነው” ተብዬ።

ልመናዬ አጭር ነው። እኔ ቤት ብትመጡ ስኳሩ ከጎናችሁ ይቀመጣል፤ አልሰስትም። ቅርንፉድ ከፈለጋችሁም ጓዳ ሙሉ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ጊዜ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ፣ እንዳለ ፉት በሉት። ካልጣማችሁ አራት ማንኪያ ጨምሩ፣ ቅር አይለኝም። ሳትቀምሱት ግን አትጨምሩበት።